«የፊቱን አጥፋ» ሲባል የቱን ነው?

ጥያቄው የመጣው ድሬ፣ ሳቢያን አካባቢ ኮምፒውተር ከሚያስተምር ልጅ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ባክስፔስንም ዲሊትንም ማጥፊያ ነው የምንላቸው፣ ለመለየት ብዬ አንዱ የፊቱን ያጠፋል አንዱ የኋላውን ስላቸው ግማሾቹ ገልብጠው ይረዱኛል። ደሞ ሺፍትን ተጫኑ ስል ነካ አድርገው ይለቁታል። ምን ልበላቸው?»

አቦ ተማሪዎችህን አትቆጣ፣ ጉዱ ያለው «ፊት» የሚለው ቃል ላይ ነው። (ድሬ ላይ አንቱታ ስለማይሆንልን አንተ እያልኩህ ልቀጥል።) ስለ ቦታ ስናወራ ፊት ማለት የምንሄድበት ነው፣ ከዚራ ሰፈር ላይ ሆነህ ለገሃርን፣ ባቡር ጣቢያውን፣ ጠይቀህ «ፊት ለፊትህ ነው» ካሉህ ገና ያልደረስክበትን ነው የሚያሳዩህ። ስለ ጊዜና ስለ ተራ ሲሆን ግን ይገለበጣል፣ «ከዚህ በፊት» ያለፈው ነው፣ «በኋላ» ገና የሚመጣው።

ጽሁፍ ደሞ ሁለቱንም ነው፣ መንገድም ነው ተራም ነው። እስቲ «ድሬደዋ» ብለህ ጻፍና ብልጭ ድርግም የምትለዋን መስመር ሬ እና ደ መሃል አቁማት። ከመስመሯ በፊት ያለው ሬ ነው፣ ከመስመሯ ፊት ለፊት ያለው ግን ደ! ባክስፔስን ብትነካ ሬ ሄዶ «ድደዋ» ይቀርሃል፣ ዲሊትን ብትነካ ደ ሄዶ «ድሬዋ»። ስለዚህ ሁለቱም ተማሪዎች ልክ ናቸው፣ አንዱ በተራ አሰበ አንዱ በመንገድ። ፊትና ኋላን ተዋቸውና «የግራውን የሚያጠፋ፣ የቀኙን የሚያጠፋ» በላቸው፣ አለቀ። ባክስፔስ ራሱ ታይፕራይተር ላይ ምንም አያጠፋም ነበር፣ አንድ ቦታ ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነበር ስራው፣ ስሙ ከዛ የቀረ ነው።

ስሞቹን ግን አትተርጉምባቸው፣ ቁልፉ ላይ የተጻፈውን ነው የሚፈልጉት፣ የፈረንሳይኛውን ላጋር (ባቡር ጣቢያ) ለገሃር ብሎ የራሱ ያደረገ ሰው ሺፍት አያቅተውም።

ወደ ሺፍት ስመጣ ችግሩ «ተጫን» ስንት ደቂቃ እንደሆነ አለመናገሩ ነው። አማርኛ ለዚህ የታደለ ነው እኮ፣ «ነካ አድርግ» ካልክ ነክቶ ወዲያው መልቀቅ ነው፣ «ጫን አድርግ» ጠንከር ማለት ነው፣ እንዳይለቅ ከፈለግክ ደሞ «ይዘህ» ጨምርበት። «ጠቅ አድርግ»ን ለማውስ ተውለት፣ እዛ ለምዷል። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ተማሪው ሺፍት ለአማርኛ ምን ይሰራል ሊልህ ይችላል፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል ድምፅ ተከትሎ አማርኛ በሚጻፍባቸው ብዙዎቹ ኪቦርዶች ላይ አሳየው፦ ቲን ነካ፣ ት። ሺፍትን ይዘህ ቲን ነካ፣ ጥ።