የጠራው ውሃ ነው የሚያሰጋው

የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው ገላን አካባቢ ነው። ከሰፈራችን በላይ የድንጋይ ከሰል የሚከመርበት ግቢ አለ። ዝናብ ሲጀምር ከክምሩ የሚወርደው ውሃ ጅረቱ ውስጥ ይገባል። መግቢያው ላይ ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ወረድ ሲል ግን ድንጋዩ ሁሉ ብርቱካናማ ይሆናል። ባለፈው ሰኔ ትንንሽ ዓሣዎች ሞተው አይተናል። ልጆችን ብርቱካናማው ጋ እንዳይደርሱ ከለከልናቸው። ልክ ነን?

መልስ፦ መከልከልዎ ልክ ነው፤ የከለከሉበት ቦታ ግን ምናልባት ተሳስቷል። የባሰው ላይኛው፣ ጥርት ያለው ውሃ ሊሆን ይችላል።

ብዙ የድንጋይ ከሰል ፓይራይት የሚባል፣ ብረትና ድኝ የተዋሃዱበት ወርቅማ ማዕድን አለው። መሬት ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ምንም አይሆንም። ተቆፍሮና ተሰባብሮ አየርና ውሃ ሲያገኘው ድኙ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል (የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ማለት ነው)፣ ብረቱም ይሟሟል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ወደ 4 ሲወርድ አሲድ የሚወዱ ባክቴሪያዎች ሥራውን ይረከቡና ብዙ እጥፍ ያፋጥኑታል። 1 ኪሎ ፓይራይት ተዋህዶ ሲያልቅ 1.6 ኪሎ ያህል አሲድ ይወጣዋል፤ ከራሱ ክብደት የሚበልጠው አየሩና ውሃው ስለሚጨመሩበት ነው። ከተዘጉ ማዕድን ማውጫዎች የሚፈሰውም ይኸው ነው። ከጆሃንስበርግ በስተ ምዕራብ በ2002 እ.ኤ.አ. ውሃ የሞላቸው አሮጌ የወርቅ ጉድጓዶች በአፋቸው ያፈሰሱት እንዲህ ያለውን ውሃ ነው።

አሲዱ ጠንካራ በሆነበት ቦታ ብረቱ እንደሟሟ ስለሚቆይ ውሃው ይጠራል፤ ቢበዛ ውሃ የበዛበት ሻይ ይመስላል። ወረድ ብሎ ከሌላ ውሃ ጋር ሲቀላቀል አሲዱ ይለዝባል፣ ብረቱም ዝገት ሆኖ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ናሙና ከብርቱካናማው ቦታ ብቻ ከተቀዳ ውጤቱ ከእውነታው የተሻለ ሆኖ ይወጣል።

ዓሣው የሚሞተው በስንጥቡ በኩል ነው። አሲድ ስንጥቡን ሲጎዳው የሰውነቱ ጨው ወደ ውሃው ያመልጣል። ፒኤች 5 አካባቢ ደግሞ ከአፈሩ የሟሟ አሉሚኒየም ስንጥቡ ላይ ይረጋል፤ ዓሣው በንፍጥ ታፍኖ ይሞታል። ዝገቱ በበኩሉ የወንዙን ወለል ሸፍኖ እንቁላሉንና ከድንጋይ ስር የሚኖሩትን ዕጮች ያፍናል። ዓሣው ከአሲዱ ቢተርፍ እንኳ የሚበላው ያጣል።

ሰኔ ላይ መሆኑም የሚገርም አይደለም። በበጋ ክምሩ ላይ ነጭና ቢጫ ዱቄት ይወጣል፤ ይህ ደርቆ የቀረ አሲድ ያዘለ ጨው ነው። የመጀመሪያው ዝናብ በአንድ ጊዜ ያጥበዋል። ነሐሴ ላይ የተቀዳ ናሙና በጎርፍ ስለሚቀጥን «ችግር የለም» ሊል ይችላል።

ለማጣራት ሦስት ቦታ ይቅዱ፦ ከግቢው በላይ፣ መግቢያው ላይ፣ ከብርቱካናማው በታች። ሃይላንዱን በዚያው ውሃ ሦስቴ አለቅልቀው እስከ አፉ ሞልተው ይክደኑት፤ አየር አይቅርበት። ፒኤቹን ግን እዚያው ወንዙ ዳር ይለኩ። ማደር የለበትም፤ ብረቱ ሲዝግ ተጨማሪ አሲድ ስለሚለቅ ጠዋት 6 የነበረው ማታ 4 ሊሆን ይችላል። ላቦራቶሪውን ብረት፣ አሉሚኒየምና ሰልፌት (ከሰልፈሪክ አሲዱ ውሃው ውስጥ የሚቀረው) ይጠይቁ፤ ለብረቶቹ የራሱን አሲድ የተጨመረበት ጠርሙስ እንዲሰጥዎ ያድርጉ። ከግቢው በላይ ዝቅተኛ የነበረው ሰልፌት ከታች ብዙ እጥፍ ከጨመረና ፒኤቹ ከወረደ ምንጩ ክምሩ ነው። ሰልፌቱ ካልተለወጠና ዓሣዎቹ ከመሞታቸው በፊት ንጋት ላይ ወደ ላይ ወጥተው አየር ሲጎርሱ ከታዩ ግን የፍሳሽ ቆሻሻ ኦክስጅኑን ጨርሶት ይሆናል። በአቃቂ ተፋሰስ ይህ ሁለተኛው ብርቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ያለ አሮጌ የድንጋይ ካባ ውሃ አቁሯል። ዳር ዳሩ ዝገት የመሰለ ነገር ይዟል፣ ላዩ ላይ ዘይት የመሰለ ይንሳፈፋል። አሲድ ነው?

መልስ፦ አይመስለንም። የአዲስ አበባ ዙሪያ ካባ በአብዛኛው ባዛልትና ሌላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ እንዲህ ያለው ድንጋይ ፓይራይቱ ትንሽ ነው። ዘይት የመሰለውን በእንጨት ይንኩት፦ እንደ ቀጭን ብርጭቆ ተሰባብሮ ከተለያየ ብረት የሚያዘግቱ ባክቴሪያዎች ያበጁት ስስ ሽፋን ነው፤ ተመልሶ ከተጋጠመ የመኪና ዘይት ነው። ውሃውን ለጎመን የሚያጠጡ ከሆነ የሚያሳስብዎ ሁለተኛው ይሁን።

ጥያቄ፦ አሲድ ያለበት ጅረት ላይ ኖራ ብንበትን አይድንም?

መልስ፦ በጆንያ አይበተንም፣ ይሰላል። በመጀመሪያ ፍሰቱን ይለኩ፦ 20 ሊትር ጀሪካን በ20 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 1 ሊትር ነው። ላቦራቶሪው የውሃው አሲድነት በካልሲየም ካርቦኔት (የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን) ሲሰላ በሊትር 100 ሚሊግራም ነው ካለ፣ ለዚያች ቀጭን ፍሰት 6.4 ኪሎ ያህል ንጹሕ የኖራ ዱቄት (ተቃጥሎ ውሃ የተጨመረበት) ያስፈልጋል። ያውም በየቀኑ። በአንድ ጊዜ ከተደፋ ፒኤቹ ከ10 በላይ ይዘልና የተረፈውን ዓሣ ኖራው ራሱ ይጨርሰዋል። የሚረጋውም ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ኩሬ ከሌለ ወንዙን ይሞላዋል።

የኖራ ድንጋይ ቦይ ውስጥ መደርደር ርካሽ ነው፤ ቦዩ ዘቅዛቃ ካልሆነ ግን ዝገቱ ድንጋዩን ለብሶ ሥራ ያስቆመዋል። ከወር በኋላ አንዱን አንስተው በሚስማር ይፋቁት። ከቀዩ ልባስ ስር ነጩ ድንጋይ እንዳለ ከሆነ ውሃው አልነካውም ማለት ነው። ይልቅ ባለቤቱን ከክምሩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ እንዲቆፍር፣ ከሰሉን በሸራ እንዲሸፍንና ክረምት ሳይገባ ክምሩን እንዲያሳንስ ጠይቁት፤ ዝናብ ያልነካው ከሰል ወደ ጅረቱ የሚሰደው አሲድ የለም።