አማርኛን በዙም ማስተማር፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ካሜራ ፊት ተቀምጬ አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ተማሪዎቼ በአብዛኛው ውጭ የተወለዱ ልጆች ናቸው። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እናንተም አልሰሰታችሁም።

የ8 ዓመት ልጄ ትምህርቱ በተጀመረ በ15 ደቂቃ ከወንበሩ ይጠፋል። ምን ይሻላል? (ከሜሪላንድ፣ እናት)

እኔ ራሴ ነኝ የማስነሳቸው! "ሩጥና ቀይ ነገር አምጣ" እላለሁ። ማንኪያ፣ ካልሲ፣ የእህቱን አሻንጉሊት ይዞ ይመጣል። ያኔ ነው ወሬው የሚጀምረው። ምንድን ነው? የማን ነው? ከየት አመጣኸው? "የእህቴ ነው" ብሎ ሲስቅ አገናዛቢን ተማረ ማለት ነው፤ ስሙን ማወቅ የለበትም።

መጀመሪያ ላይ እኔም አንድ ሰዓት ሙሉ እለፈልፍ ነበር። አንድ ቀን ትምህርቱን ቀድቼ ባዳምጠው፣ ልጁ የተነፈሰው "እሺ" ብቻ ነው። አፈርኩ። ለዚህ ዕድሜ በሳምንት አንዴ አንድ ሰዓት ከሚሆን፣ ሁለት ጊዜ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ይሁንለት። ደግሞ እህቴ፣ ከካሜራው ጀርባ ሆነሽ መልሱን አታንሾካሹኪለት። ይሰማኛል እኮ!

ፊደሉን ሳልጨርስ ወደ ንግግር ብገባ ችግር አለው? (ከአዲስ አበባ፣ ጀማሪ አስተማሪ)

ፊደል እስኪያልቅ ከጠበቅክ ተማሪው ቀድሞህ ያልቃል። 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ይህን ሁሉ በስክሪን ላይ ማስቆጠር ግፍ ነው። በስሙ ፊደላት ጀምር። ቀጥለህ አፉ ላይ ያሉትን ቃላት አምጣ፤ ቡና፣ ዳቦ፣ እማማ። ከዚያ ቅርጹን ራሱ ያግኘው፦ በ ቡ ስትሆን ሰረዟ ወገቧ ላይ ነው፣ ቢ ስትሆን እግሯ ሥር። "ለ እንዴት ሉ ትሆናለች?" ስትለው ይገምታል፤ ያገኘዋልም። ሩና ሪ እንደሚያስቸግሩት ግን አስቀድመህ ንገረው።

ለጽሕፈት ሁለተኛ ስልክ ከወረቀቱ በላይ አቁምና እጅህን አሳይ። በማውዝ የተጻፈ ፊደል ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው።

ባለቤቴ ጀርመናዊት ናት። "ጠ"ን ሁልጊዜ "ተ" ትላለች። (ከፍራንክፈርት)

ትንፋሿን ይዛ "ጥ" እና "ቅ" ትበል። ይወጣል። "ት"ን በተያዘ ትንፋሽ ስትሞክር ግን እምቢ ይላታል። ልዩነቱን በጆሮዋ ሳይሆን በጉሮሮዋ ታውቀዋለች። ከዚያ "ጥሩ"ን፣ "ጤና"ን፣ "ቅቤ"ን ትለማመድ። ሁለታችሁም የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። የዙም ድምፅ ማጣሪያም አጫጭር ድምፆችን ሊውጥ ስለሚችል ዝቅ አድርጉት።

የሚጠብቅና የሚላላውን ደግሞ ፊደላችን አያሳይም። "ገና አልመጣም" እና "የገና በዓል" አንድ ዓይነት ነው የሚጻፉት። እኔ ሲጠብቅ ጭብጤን ካሜራው ፊት እጨብጣለሁ፣ ሲላላ እዘረጋለሁ። ለዓይን ይገባል።

ቀጠሮ ላይ ሁልጊዜ እንተላለፋለን።

"ሦስት ሰዓት" ስትል አንተ ጠዋት ወይም ማታ ነው የምታስበው፤ ውጭ ያለው ተማሪህ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወይም ሌሊት። በዚያ ላይ አሜሪካኖች በማርችና በኖቬምበር ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም። ዋሽንግተን በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ከኋላችን ነው። የሁለቱንም ሰዓት ጽፈህ ላክ።

መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋስ?

የሞባይል ዳታ ከፍቶ ካሜራ ማጥፋት። እሱም ካልሠራ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት እልካለሁ፣ በድምፅ ይመልሱልኛል። አንዳንድ ዓይን አፋር ልጆች እንዲያውም እዚያ ነው አፋቸው የሚፈታው።

ልጄ እኔን "እማዬ፣ ና" ይለኛል። በተሳሳተ ቁጥር ላርመው? (ከዱባይ)

የኔ እናት፣ ከአንቺው የሰማውን ነው የሚመልስልሽ! ቀኑን ሙሉ "ና፣ ብላ፣ ተኛ" ትይዋለሽ፤ "ነይ፣ ብዪ" የሚባል ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ከየት ያምጣው? መሃል ላይ አታቋርጪው። "እማዬ፣ ነይ? እሺ፣ መጣሁ" ብለሽ ትክክለኛውን መልሰሽ አሰሚው። እኔ በትምህርት ሰዓት ሁለት አሻንጉሊት እይዛለሁ፣ ወንድና ሴት፤ አዛዡ ልጁ ነው። ሴቷን "ና" ካላት አትንቀሳቀስም። "ነይ" ሲላት ብድግ ትላለች። አያት በቪዲዮ ስትገባ "ይምጡ" ይጨመራል፤ ያኔ ግን አያትየዋ ራሷ "ተወው፣ አንቺ ይበለኝ" ብላ ታበላሽብኛለች።