ለክፍል ምልከታ መዘጋጀት፦ ከጎንደር መምህራን የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በጎንደር ከተማ በሒሳብ መምህርነት፣ በኋላም በትምህርት ክፍል ተጠሪነት ረጅም ዓመታት አሳልፌአለሁ። የሌሎችን ክፍል ታዝቤአለሁ፣ የእኔንም ክፍል ሌሎች ብዙ ጊዜ ታዝበውታል። ወጣት መምህራን ስለ ክፍል ምልከታ በየግላችሁ ትጠይቁኝ የነበረውን በአንድነት ብንወያይበት ይሻላል ብዬ ጥያቄዎቻችሁን ተቀብያለሁ፤ ከነመልሶቻቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከተመደብኩ ገና አራት ወሬ ነው። ሱፐርቫይዘሩ በሚቀጥለው ሳምንት ክፍሌ እንደሚገቡ ርዕሰ መምህሩ ነግረውኛል። ዝግጅቴን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከዓላማው ይጀምሩ። ብዙዎቻችን በዕለታዊ ዕቅዳችን ላይ «ተማሪዎች ስለ ፐርሰንት ያውቃሉ» ብለን እንጽፋለን፤ ማወቅ ግን በዓይን አይታይም። «ተማሪው የአንድን ዕቃ የዋጋ ጭማሪ በፐርሰንት አስልቶ ያሳያል» ብለው ቢጽፉ ግን እርስዎም ታዛቢውም በክፍለ ጊዜው መጨረሻ መሳካቱን ከደብተር ላይ ማየት ትችላላችሁ። ዓላማው እንዲህ ከጠራ በኋላ መልመጃውም፣ መርጃ መሣሪያውም፣ ምዘናውም ከእርሱ ይወጣል።

ይህን የተማርኩት ከራሴ ስሕተት ነው። መምህር በሆንኩ በሦስተኛው ዓመት ሱፐርቫይዘር እንደሚመጣ ሰምቼ በትልቅ ወረቀት ላይ በቀለም ሠንጠረዥ ስሠራ አደርኩ። በማግሥቱ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሰሌዳውን በጠመኔ ሞልቼ፣ አንድም ደቂቃ ሳላባክን አስተማርኩ። ሊደወል ሲል ታዛቢው አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ ደብተር ገለጥ አድርገው አዩ፤ ቀኑና ርዕሱ በሚያምር ጽሕፈት ሰፍሯል፣ ከዚያ በታች ባዶ ነው። ስለ ሠንጠረዡ አንድም ቃል አልተናገሩም። ከዚያን ቀን ወዲህ ዕቅድ ሳዘጋጅ በየደረጃው «አሁን ከኋላ ያለችው ልጅ ምን እየሠራች ነው?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ጥያቄ፦ 40 ደቂቃው አይበቃኝም። መግቢያው ይረዝምና ማጠቃለያው ላይ ይደወልብኛል። እንዴት ልከፋፍለው?

መልስ፦ የፐርሰንቱን ትምህርት ይዘን እንየው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለአንድ ጥያቄ ብቻ ይስጡ፦ «ባለፈው ወር ቅዳሜ ገበያ 80 ብር የነበረ ዕቃ ዛሬ 100 ብር ቢሆን፣ ዋጋው ስንት ፐርሰንት ጨመረ?» አብዛኞቹ «20!» ይላሉ። «ተሳስታችኋል» ብለው አይቸኩሉ፤ 20 እና 25ን ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ ይጻፉና ጎን ለጎን የተቀመጡት ልጆች እንዲከራከሩበት ያድርጉ። የተጨመረው 20 ብር የ80 ብር ሩብ ስለሆነ መልሱ 25 ፐርሰንት መሆኑን ራሳቸው ሲደርሱበት፣ ወዲያው ገልብጠው ይጠይቋቸው፦ «ዋጋው ከ100 ወደ 80 ብር ቢመለስስ?» አሁን 20 ፐርሰንት ይሆናል። ያው 20 ብር ሁለት መልስ ሲሰጥ ልጆቹ የሚገቡበት ግራ መጋባት የዕለቱ ትምህርት ልብ ነው፤ መነሻው ዋጋ ምን እንደሆነ የመጠየቅ ልማድ የሚያድርባቸው እዚያ ላይ ነው።

ለዚህ ክርክርና ለማብራሪያው ወደ 13 ደቂቃ፣ ለመልመጃው 15 ደቂቃ ይያዙ። የመጨረሻዎቹን ሰባት ደቂቃዎች ማንም አይንካብዎ፤ እያንዳንዱ ተማሪ በቁራጭ ወረቀት አንድ ጥያቄ ብቻውን ሠርቶ ያስረክባል። ሰዓት ቢያጥርዎ የትኛውን መልመጃ እንደሚዘሉ አስቀድመው በዕቅድዎ ላይ ምልክት ያድርጉበት።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ውስጥ 62 ተማሪዎች አሉ፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ይቀመጣሉ። የቡድን ሥራ ስሰጥ ጫጫታ ይሆናል፤ ታዛቢ ፊት መሞከሩን ፈራሁ።

መልስ፦ ዴስክ አያንቀሳቅሱ። በአንድ ዴስክ ያሉት ሦስቱ ቡድን ይሁኑ፤ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያሰላል፣ አንዱ ለክፍሉ ይናገራል፣ በሚቀጥለው ጥያቄ ይለዋወጣሉ። አንድ ጎበዝ ተማሪ ሌሎቹን እንዲመራ በሚደረግበት፣ አንድ ለአምስት በምንለው አደረጃጀት ጎበዙ ልጅ ሁሉንም ሠርቶ ሌሎቹ የሚገለብጡበትን ሁኔታ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሥራ ድርሻው ይህን ይከለክላል። በሥራ ላይ ያለ ክፍል ድምፅ አለው፤ ልምድ ያለው ታዛቢ የውይይትን ድምፅ ከሁካታ ይለያል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ዝም ብለው ይጠብቁ። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ ባሳተሙት ጥናት መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ ወደ አንድ ሰከንድ ብቻ እንደሆነ፣ ሦስት ሰከንድ ሲጠብቁ ግን የተማሪዎች መልስ ረዘም እንደሚልና የሚመልሱትም እንደሚበዙ አሳይተዋል። ታዛቢ ፊት ዝምታ ያስፈራል፤ ቢሆንም በልብዎ እስከ ሦስት ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ጥያቄና መልሱን ከተማሪዎቼ ጋር አስቀድሜ ብለማመደውስ?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ጥያቄው ሳያልቅ ሁሉም እጅ ሲወጣ ታዛቢው ወዲያው ያውቀዋል፤ ከዚያ የሚብሰው ግን ልጆቹ ከመምህራቸው ማስመሰልን መማራቸው ነው። አሠራሩን ማለማመድ ግን ተገቢ ነው፤ በሦስት ሆኖ መወያየትን፣ እጅ ሲነሣ ዝም ማለትን ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምረው በየቀኑ ያስለምዷቸው።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ በፕሮጀክተር ላሳይ ወይ?

መልስ፦ ለዓላማው የግድ ካስፈለገ ብቻ። መብራት ቢጠፋ የሚሠሩበትን በጠመኔና በሰሌዳ ያዘጋጁ።

ጥያቄ፦ የተያዘልኝ ቀን የጥምቀት ማግሥት ነው። ልጆቹ ከፋሲል መዋኛ ታቦት ሸኝተው ደክመው ይመጣሉ፤ የሚቀሩም ብዙ ናቸው።

መልስ፦ ቀኑ እንዲለወጥ በአክብሮት ይጠይቁ፤ ምክንያትዎ በቂ ነው። ካልተለወጠ አዲስ ርዕስ አይጀምሩ፤ የቀሩት ልጆች በኋላ የሚጎዱበት እንዳይሆን ባለፈው ሳምንት የከበዳቸውን ክፍል በአዲስ መልመጃ ይከልሱ።

ጥያቄ፦ ከምልከታው በኋላ ግብረ መልስ ሲሰጠኝ እደነግጣለሁ፤ ራሴን መከላከል እጀምራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዝግጅቱ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ታዛቢው ሲገቡ የዕቅድዎን ቅጂና የተማሪውን መጽሐፍ ይስጧቸው፤ «የኋላ ረድፎች መሳተፋቸውን ቢያዩልኝ» ብለው አንድ ነገር ይጠይቋቸው። እንዲህ ሲያደርጉ ውይይቱ እርስዎ ራስዎ ባነሡት ጉዳይ ይጀምራል። ከዚያ ተማሪዎቹ በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሠርተው ያስረከቧቸውን ቁራጭ ወረቀቶች ይዘው ወደ ውይይቱ ይግቡ። በትክክል የሠሩትን፣ መነሻውን ዋጋ ያምታቱትንና ምንም ያልጻፉትን በሦስት ለይተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። ታዛቢው ስለ ድምፅዎ ወይም ስለ ሰሌዳ አጠቃቀምዎ የሚሉትን እየጻፉ በጥሞና ያዳምጡ፤ ሲጨርሱ ሁለተኛውን ክምር ወደ እርሳቸው ገፋ አድርገው «ለእነዚህ ልጆች ነገ ምን ብሠራ ይሻላል?» ብለው ይጠይቋቸው።