የአንባቢያን ጥያቄ፦ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ስንት ኪሎ ይበቃዋል?

ከሐዋሳና ከአካባቢዋ ከደረሱን ጥያቄዎች ስለ ጉዞ ጓዝ የሚያነሱትን መርጠን ዛሬ በአንድ ላይ መልሰናል።

ጥያቄ፦ ለሥራ መረጃ ልሰበስብ በሚቀጥለው ወር ከሐዋሳ ወደ ጎባ ለአምስት ቀን ብቻዬን እሄዳለሁ። እስካሁን ብቻዬን ርቄ ሄጄ አላውቅም። ያለኝ ባለ ጎማ ሻንጣ ነው፤ ብርድ ስለምፈራ ጋቢም ልጨምርበት አስቤያለሁ። ምን ልያዝ፣ ምን ልተው? (ከአቶቴ)

መልስ፦ ሻንጣውንም ጋቢውንም ቤት ተዪያቸው። ባለ ጎማ ሻንጣ ባዶውን ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል። ጎማው የሚያገለግለው ለስላሳ ወለል ላይ ስለሆነ መናኸሪያ ኮረትና ጭቃ ላይ መሸከምሽ አይቀርም። ከክብደቱ የባሰ ጣጣም አለው። ሚኒባስ ውስጥ ጭንሽ ላይ ወይም እግርሽ ሥር ያልገባ ዕቃ ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል። ወደ ጎባ ስትሄጂ ሻሸመኔ ላይ መኪና ትቀይሪያለሽ፣ ሮቤ ላይም ልትቀይሪ ትችያለሽ። በየቅያሪው ዕቃሽን የማታውቂው ሰው ያወርደዋል፣ ያወጣዋል። ሁለት ሆነው የሚሄዱ ሰዎች አንዱ ትኬት ሲቆርጥ ሌላው ዕቃ ይጠብቃል። አንቺ ግን ሽንት ቤት ስትገቢ እንኳ ይዘሽው የምትገቢው ቦርሳ ነው የሚያስፈልግሽ።

ስለዚህ ከ30 እስከ 35 ሊትር የሚይዝ፣ ቁመቱ ከ50 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ የጀርባ ቦርሳ ፈልጊ። ሞልቶ ከ7 ኪሎ አይለፍ። ሊትሩ ካልተጻፈበት ቁመቱን፣ ወርዱንና ውፍረቱን በሴንቲ ሜትር ለክተሽ አባዢና ለ1,000 አካፍዪ፤ 48 በ30 በ22 የሆነ ቦርሳ ወደ 32 ሊትር ይመጣል።

ስለ ብርዱ፦ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል። ሥራሽ ከጎባ በላይ ወዳለው የባሌ ተራሮች አምባ፣ ወደ ሳነቴ የሚያወጣሽ ከሆነ ከፍታው 4,000 ሜትር ስለሚያልፍ ከሐዋሳ ጋር ያለው ልዩነት 15 ዲግሪ ይደርሳል። ይህን በአንድ ወፍራም ልብስ ከመመከት መደራረብ ይሻላል፦ ከሥር ስስ ከናቴራ፣ ከዚያ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ጋቢ ይሞቃል፣ አንከራከርም፤ ነገር ግን የቦርሳውን ሲሶ ይይዛል፣ አንዴ ከራሰ ደግሞ ጎባ ላይ ቶሎ አይደርቅም። በምትኩ ነጠላ ያዢ። መንገድ ላይ አንገትሽን ትሸፍኚበታለሽ፤ የአልጋው አንሶላ ካላማረሽም ታነጥፊዋለሽ።

ልብሱ ይህን ያህል ይሁን፦ ሱሪ ሁለት (አንዱ የለበስሽው)፣ ከናቴራ ሦስት፣ የውስጥ ልብስ አራት፣ ካልሲ ሦስት ጥንድ (አንዱ ወፍራም፣ ለመኝታ)፣ ሹራብ አንድ፣ ጃኬት አንድ፣ ሸበጥ አንድ። ጫማ የተጫማሽው ይበቃል። ጂንስ ግን አይሁን። አንዱ ሱሪ ብቻውን 600 ግራም ያህል ይከብዳል፣ ብርድ አገር ታጥቦ ለመድረቅም ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። አምስት ቀን ስለሆነ አምስት ቅያሪ መያዝ የለብሽም፤ ማታ ማታ ማጠብ ነው። የታጠበውን ጨምቀሽ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርጊው፣ ከነፎጣው ጠቅልይና በእግርሽ ቁሚበት። ፎጣው ውሃውን ስለሚመጠው ስስ የፖሊስተር ልብስ እስከ ጠዋት ይደርቃል። ጥጥ ግን እርጥበት ይዞ ያድራል። ሞዴስና የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ከሐዋሳ ሙሉውን ይዘሽ ሂጂ።

አደራደሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዝናብ ጉዳይ ነው። ከውጭ የሚለበሰውን የቦርሳ ሽፋን ነፋስ ይገልጠዋል፣ በጀርባ በኩልም ክፍት ነው። ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ቦርሳው ውስጥ ዘርግተሽ እንደ ገበር አድርጊውና ዕቃሽን እዚያ ውስጥ ክተቺ፤ አፉን ሁለት ጊዜ ጠምዝዘሽ እጠፊው። ስስ ፌስታል አይሆንም፣ ዚፕ ይቀደዋል። ከታች የመኝታ ልብስ ይግባ። ላፕቶፕና ቻርጀር መሃል ላይ፣ ከጀርባሽ ጋር ተጠግተው ይቀመጡ፤ ከባድ ነገር ከጀርባ ከራቀ ትከሻን ወደኋላ ይጎትታል። ጃኬቱ ከሁሉም በላይ ይሁን፣ ከሻሸመኔ በኋላ ዳገቱ ሲጀምር ያስፈልግሻል። ውሃ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነውና ግማሽ ሊትር ይዘሽ መንገድ ላይ ግዢ።

ሐዋሳ መናኸሪያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ድረሺ። በአገራችን ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ጨለማ ነው፤ አልጋ በጨለማ መፈለግ ለብቸኛ ሰው አይመከርም። ከመሳፈርሽ በፊት የመኪናውን ታርጋ ፎቶ አንስተሽ ለቤተሰብ ላኪ። አጠገብሽ የተቀመጠ ሰው «ማን ይቀበልሻል?» ካለሽ የሚቀበልሽ ሰው አለ። ለአልጋ ክፍሉ ትንሽ የጎማ ሽብልቅ መያዝ ጥሩ ነው፤ በሩ ሥር ስትሰኪው ቁልፍ ያለው ሰው እንኳ ገፍቶ መክፈት ይቸግረዋል። የሚሠራው ግን በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ነው፤ ለስላሳ ሴራሚክ ላይም ይንሸራተታል፣ ያኔ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አድርጊበት።

ጥያቄ፦ ዕቃዬ የግድ ፖርቶ መጋላ ላይ የሚወጣ ከሆነ ጓጉንቸር ያዋጣል? (ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ብቻውን አያዋጣም። የዚፕ ጥርስ በተራ እስክሪብቶ ጫፍ ተፈልቅቆ ይከፈታል። ከዚያ የተቆለፉትን መጎተቻዎች አብሮ ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት ዚፑን መልሶ ይገጥመዋል፤ ባለቤቱ ቤቱ እስኪደርስ አይነቃም። መቆለፍ ከፈለጉ መጎተቻዎቹን ከሻንጣው እጀታ ጋር አያይዘው ይቆልፉ፤ ወዲያና ወዲህ ስለማይሄዱ ቢያንስ መከፈቱ ያስታውቃል። ከዚህ የሚሻለው ግን ርካሹ ዘዴ ነው፦ ሻንጣውን ማዳበሪያ ውስጥ ከተው አፉን በትልቅ መርፌና በሲባጎ ይስፉት። ከአቧራ ይጠብቃል፣ ሻንጣው ውድ ይሁን ርካሽ አያሳይም፣ የተነካ እንደሆነም ስፌቱ ይናገራል። ረዳቱ ለሌላ ተሳፋሪ ዕቃ ሊያወርድ ሲወጣ እርስዎም ወርደው ይቁሙ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61 ነው። የስኳር ሕመም ስላለብኝ ኢንሱሊን እወጋለሁ፤ ለክትትል ብቻዬን አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ልጆቼ «ብር አትያዝ፣ ሁሉም በቴሌብር ይከፈላል» ይሉኛል። ልክ ናቸው? (ከታቦር)

መልስ፦ አባታችን፣ ልጆችዎ ግማሹን ልክ ናቸው። ብዙ ብር መያዝ አያስፈልግም። ነገር ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ቴሌብርም አብሮ ይጠፋል። ለደርሶ መልስ ትራንስፖርትና ለአንድ ሌሊት አልጋ የሚበቃ ጥሬ ብር ይያዙና ሦስት ቦታ ይክፈሉት፦ የዕለቱን ዝርዝር ብር ሱሪ ኪስ፣ ዋናውን ከሸሚዝ በታች በሚታሰር የጨርቅ ኪስ፣ መመለሻውን ቦርሳ ውስጥ ካልሲ መሃል። ሰው ፊት የሚያወጡት የሱሪ ኪሱን ብቻ ይሁን። ባለ 200 ብር ኖት ብቻ የያዘ ሰው ለባጃጅ ሲከፍል ዋናውን ኪስ ለመክፈት ይገደዳል፤ ሌባ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው።

መታወቂያና ስልክ አንድ ኪስ ውስጥ አይግቡ። ስልክዎ ቢሰረቅ ከሌላ ሰው የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር 994 ደውለው ሲሙን ያዘጋሉ፣ ቀጥሎ ቁጥርዎን በአዲስ ሲም ለማውጣት መታወቂያ ይጠየቃሉ። ሁለቱም አብረው ከሄዱ ሲሙም ቴሌብሩም ተያይዘው ይታገዳሉ። ከመነሳትዎ በፊት ልጆችዎ የሲም ፒን ያብሩልዎ፤ ሌባው ሲሙን ሌላ ስልክ ላይ ቢከተው እንዳይሠራለት ነው። ፒኑ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ይቆለፋልና ኮዱን ቤት ጽፈው ይተዉ። *#06# ሲደውሉ የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥርም ይመዝግቡ፣ ፖሊስ ዘንድ ለማመልከት ይጠቅማል። የልጆችዎን ስልክ ቁጥር በወረቀት ይያዙ፤ ስልኩ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ነው የሚጠፋው።

ኢንሱሊኑ መቼም ፖርቶ መጋላ ላይ አይውጣ። ጋቢና ከተቀመጡም መስታወቱ ሥርና የሞተሩ ሙቀት የሚሰማበት ቦታ ላይ አያኑሩት። የተከፈተ ኢንሱሊን አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የእርስዎን ወረቀቱ ላይ ያረጋግጡ። የሚጎዳው በረዶም ነው፤ ከበረዶ ጋር በቀጥታ ተነካክቶ ከረጋ ቢቀልጥም አይወጉት። ማቀዝቀዝ ሲያስፈልግ ፌስታል ውስጥ አጥብቀው አስረው ከላይ በረጠበ ጨርቅ ይጠቅልሉት። ከጉዞው ቀን በላይ ለሦስት ቀን የሚሆን ትርፍ መድኃኒትና የሐኪም ማዘዣው ቅጂ ይኑርዎ። የደረት ኪስዎ ውስጥ ስኳር አይጥፋ፦ ላብና መንቀጥቀጥ ሲጀምርዎ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ይጠጡ፣ 15 ደቂቃ ቆይተው ካልተሻለዎ ይድገሙት። አጠገብዎ ለተቀመጠውም ሰው ሕመሙን ቢነግሩት ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ «ዕቃ ቀንሱ» የሚለው ምክር ለፈረንጅ ይመስለኛል። እናቴ ለአዲስ አበባ ዘመዶች 3 ኪሎ ቅቤ ሳትሰጠኝ አትሸኘኝም። (ከቱላ)

መልስ፦ የእናትህን ቅቤ አስቀር የሚል ምክር እኛም አንሰጥም። ከልብስህ ጋር ግን አታደባልቀው። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፣ ፀሐይ የመታው መኪና ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ማታ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ውጣ። በአንድ ትልቅ ዕቃ ከማድረግ ክዳኑ በሚገጥም ባለ አንድ ኪሎ ዕቃ ሦስት ቦታ ክፈለው። ሲቀልጥ ስለሚነፋ ከአፉ አንድ ጣት ያህል አጉድል። ከክዳኑ ሥር ፌስታል አድርግና ሁሉንም በእንሰት ቅጠል ጠቅልለህ በተለየ ዘንቢል ያዝ። ዘንቢሉ ቢጠፋ የሚጠፋው ቅቤ ብቻ ይሆናል። ስትመለስ ደግሞ መናኸሪያ ላይ «ይህቺን አድርስልኝ» የሚል የማታውቀው ሰው የታሸገ ዕቃ ቢሰጥህ እሺ አትበል፤ ፍተሻ ላይ ተጠያቂው የያዘው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፕላን ወደ ውጭ አገር ለትምህርት እሄዳለሁ። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ አለኝ፣ ይከለክሉኛል? (ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ በእጅ ቦርሳ ከሆነ አይከለክሉህም፣ በሚጫነው ሻንጣ ግን አይፈቀድም። ሊቲየም ባትሪ እሳት ቢያስነሳ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የሚደርስበት ሰው የለም። የተለመደው ጣሪያ 100 ዋት ሰዓት ነው። 20,000 በ3.7 ቮልት ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል 74 ይመጣል፣ ያልፋል። ቁጥሩ ከላዩ የተፋቀ ፓወር ባንክ ግን ሊያስቀሩብህ ይችላሉ። በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ በየዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ የሚታየው የዕቃው መጠን ስለሆነ ግማሹ ያለቀ ባለ 200 ሚሊ ሊትር ቅባት ይጣላል። ማርና ቅቤም እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ፣ በሚጫነው ሻንጣ አድርጋቸው።

ትኬትህን ስታነብ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ተመልከት። ትኬቱ ላይ 14:30 ማለት በእኛ ከቀኑ 8:30 ነው። «ማክሰኞ 00:40» ካለ ደግሞ እኛ ሰኞ ሌሊት 6:40 የምንለው ነው፤ ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ከሐዋሳ በመኪና የምትነሳ ከሆነ ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ግባ።