ከእርሻ ያወጣሁትን የድሮ የብር ሳንቲም በምን ላጽዳው? (መልስ)

በምንም አትፈትገው። አቼቶም፣ ሎሚም፣ የጥርስ ሳሙናም ይቅርብህ። እንግሊዝ አገር ኖርፎክ እርሻ ላይ በዲቴክተር (በብረት መፈለጊያ) ያገኘኸው፣ ድሮ በመዶሻ እየተመታ ይሠራ የነበረው የእንግሊዝ ፔኒ ከሆነ ስስ ነው፤ በጣትህ ጫን ብትለው ይጎብጣል።

1. ዲስቲልድ (የተጣራ) ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ አሳድረው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው።
2. ጭቃው ሲላላ በራሱ ይውደቅ። አልለቅም ያለውን ተወው።
3. ለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርቀው፣ ሳታሽ። ለብቻው ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ከተህ ያገኘህበትን ቦታ ጻፍበት።

ጥቁረቱ ቆሻሻ እንዳይመስልህ፤ ብሩ በዘመናት ያወጣው ሽፋን ነው። እኔ የመጀመሪያዬን በጥርስ ሳሙና አሽቼ እንደ መስታወት አበራሁት። የንጉሡ ፊት ግን አብሮ ሄደ። ሳንቲሙን ሊገዛ የመጣው ሰውዬ አየት አደረገና መለሰልኝ።

ደግሞ እዚያው ጉድጓድ ሁለተኛ ካገኘህ ነገሩ ሌላ ነው። ከ300 ዓመት በላይ የሆናቸው ሁለት የብር ወይም የወርቅ ሳንቲሞች አንድ ላይ ከተገኙ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የእንግሊዝ ሕግ መሠረት «ትሬዠር» (ሕጉ እንደ ውድ ግኝት የሚቆጥራቸው) ናቸው። በ14 ቀን ውስጥ ለኮሮነር (እንዲህ ያለውን ግኝት ለሚመረምረው ሹም) ማሳወቅ ግዴታህ ነው። የአካባቢህ የግኝት መዝጋቢ ኦፊሰር ወረቀቱን ይጨርስልሃል፣ በነፃ።