ማሊያውን የጣለው አጥቂ፣ ውሉና የእኛ ንዴት

የእሁዱ ሽንፈት ገና አልበረደም። ከስታዲየም፣ ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ፣ ከለገሃርና ከሜክሲኮ የደረሱኝ ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አንድ ሰው ናቸው። ጨዋታውን ላላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ቡድኑ 2 ለ 1 እየተመራ ነበር። በ63ኛው ደቂቃ አጥቂው ተከላካዩን በክርኑ ፊቱን መታው። ዳኛው አጠገባቸው ነበሩ፤ ቀጥታ ቀይ አወጡ። ልጁ ሲወጣ ማሊያውን አውልቆ ደጋፊው ፊት መሬት ላይ ጣለው። በ10 ሰው የቀረው ቡድን አቻ መሆን አቅቶት ተሸነፈ። የልጁ ውል ሰኔ 30 ያልቃል። ይታደስ ወይስ ከአሁኑ ይቀደድ የሚለው ክርክር ከእሁድ ማታ ጀምሮ ከየካፌው አልወጣም። የክለቡንም የልጁንም ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ክለብ ብቻ አይደለምና።

ጥያቄ፦ ከስታዲየሙ ካታንጋ መቀመጫ ጀምሬ ክለቡን ስከተል ጸጉሬ ሸብቷል። ማሊያ መሬት ላይ የጣለን ሰው ዛሬውኑ ማባረር ነው። ክለቡ ምን ይጠብቃል? (ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ያቺን ማሊያ ሳር ላይ ተጥላ ሳያት እኔም ደሜ ፈልቷል። የቡድኑ የእቃ ኃላፊ ሮጦ ሄዶ አንስቶ፣ አራግፎ፣ አጥፎ በብብቱ ሲይዛት አይተዋል? እኔ ከጨዋታው ሁሉ በልቤ የቀረው እሱ ነው።

ነገር ግን ልጁ የሠራው ሁለት ጥፋት ነው፤ እንለያያቸው። ክርኑ የዳኛውና የፌዴሬሽኑ የዲስፕሊን ኮሚቴ ጉዳይ ነው። ስንት ጨዋታ እንደሚታገድ እነሱ ይወስናሉ፤ እኛም ክለቡም አያገባንም። ማሊያው ግን የቤት ጉዳይ ነው። ክለቡ የውስጥ ደንብ ካለው፣ ልጁም ያንን ደንብ አንብቦ ከፈረመ፣ በደንቡ ይቀጣዋል። ደንብ ከሌለው ደግሞ ዛሬ ተናዶ አዲስ ቅጣት መፍጠር አይችልም።

ማባረሩ ላይ ነገሩ ይከብዳል። በፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ መሠረት ውል የሚያበቃው ጊዜው ሲያልቅ ወይም ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ ነው። ከዚያ ውጭ ለማፍረስ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። ያለ በቂ ምክንያት አንዱ ወገን በውድድር ዓመቱ መሃል ተነስቶ አፈረስኩ ማለት አይችልም። አንድ ቀይ ካርድና አንድ የተጣለ ማሊያ በቂ ምክንያት ናቸው ብሎ ክለቡ ቢከራከር የሚረታ አይመስለኝም። ከተሸነፈ ደግሞ የቀረውን ደመወዝ ካሳ አድርጎ ይከፍላል። ልጁ እቤቱ ተቀምጦ ይከፈለዋል፣ እኛ አጥቂ አጥተን እንቀራለን።

«ቢያንስ የሦስት ወር ደመወዙ ይወሰድ» የሚሉም ብዙ ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ተጫዋችም ደመወዝተኛ ነው። ቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ቤተሰብ ይጦራል።

ከዚህ የባሰ ጥፋት አይተናል። ኤሪክ ካንቶና በጥር 1987 ዓ.ም. በቀይ ካርድ ሲወጣ የክሪስታል ፓላስ ደጋፊ ላይ ዘሎ ረገጠው። ማንቸስተር ዩናይትድ የሁለት ሳምንት ደመወዝ ቀጣው። የእንግሊዝ ፌዴሬሽን ስምንት ወር አገደው። ፍርድ ቤት ደግሞ 120 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጥ አዘዘ። ቅጣቱ ከባድ ነበር፣ ተገቢም ነበር። ውሉን ግን አልቀደዱትም፤ እንዲያውም እገዳው ሳያልቅ አዲስ ውል አስፈረሙት። በመስከረም 1988 ሊቨርፑል ላይ ተመልሶ ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ። በዚያው የውድድር ዓመት ዩናይትድ ሊጉንም የኤፍኤ ዋንጫንም ወሰደ። የእኛ ልጅ ካንቶና ነው አላልኩም። ጠንክሮ መቅጣትና ውል ማክበር አብረው ይሄዳሉ ለማለት ነው።

ስለዚህ ይቀጣ። ደጋፊው ፊት ቀርቦ በራሱ አንደበት ይቅርታ ይጠይቅ። ውሉ ይከበር።

ጥያቄ፦ ደመወዝ ከተከፈለው ወራት እንዳለፉት ሰምቻለሁ። እንዲህ ከሆነ ልጁ ላይ መፍረድ ግፍ አይሆንም? (ከፒያሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ የሰማሽው እውነት ከሆነ ከክርኑም ከማሊያውም የሚበልጥ ጉዳይ ነው። ክርኑን ግን አያጸድቅም። ያ ተከላካይ የማንንም ደመወዝ አልያዘም፤ እሱም ምናልባት ያልተከፈለው ሠራተኛ ነው።

የፊፋ ደንብ ለተጫዋቹ ንጹህ መንገድ አስቀምጦለታል። ክለቡ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለው፣ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ የ15 ቀን ጊዜ ይሰጠዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተከፈለው በበቂ ምክንያት ውሉን አፍርሶ መሄድ ይችላል፤ ካሳም ይጠይቃል። ፌዴሬሽኑ ጋ ሄዶ መክሰስም ይችላል። ብዙ ተጫዋቾቻችን ይህን አያውቁም። ወይም ያውቃሉ፣ ነገር ግን «ክለብ ከሳሽ» የሚል ስም እንዳይወጣባቸው ይፈራሉ። ዝም ብለው ይቆዩና አንድ ቀን ሜዳ ላይ ይፈነዳሉ።

እኛ ደጋፊዎችም እዚህ ላይ ጥፋት አለብን። ግብ ሲስት እንጮሃለን፤ ደመወዝ ሲዘገይበት ማንም አይጮህለትም።

ጥያቄ፦ ቀይ ካርዱን አይቶ ከወጣ በኋላ ለጣለው ማሊያ ዳኛው ምን ያገባቸዋል? (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ያገባቸዋል። ዳኛ ከጨዋታው በፊት ሜዳውን ለማየት ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ጨዋታው አልቆ ሜዳውን እስኪለቅ ድረስ ሥልጣን አለው። ያዩትን ሪፖርታቸው ላይ ይጽፋሉ፣ ኮሚቴው ያየዋል።

ጥያቄ፦ በእኛ ጊዜ ተጫዋች አምበሉን ሲያይ ይሽቆጠቆጥ ነበር። የዛሬዎቹን ልጆች ምን ነካቸው? ካርድ እንደ ጌጥ ሆነባቸው እኮ! (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ አባቴ፣ የእርስዎን ዘመን ቡድን ማን ይረሳዋል? ጥር 1954 እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል፣ መንግሥቱ ወርቁ ከግብ አስቆጣሪዎቹ አንዱ፤ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ነው። ያ ክብር ዛሬም ቢመለስ ደስ ይለኛል።

ግን ያኔ ቢጫና ቀይ ካርድ የሚባል ነገር አልነበረም። ካርድ በዓለም ዋንጫ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ሜክሲኮ ላይ ነው። ስለዚህ የካርድ ብዛት ቆጥሮ ሁለቱን ዘመን ማነጻጸር ያስቸግራል።

የካርድን ዋጋ ለማየት 2005ን እናስታውስ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። እረፍት ሳንወጣ ገባብን። በ10 ሰው ታግለን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣን። የዚያን ቀን ፒያሳ ላይ ጀማልን የረገመ ሰው ነበር፤ አዳነ ሲያገባ ሁሉም ተረሳ። ቀይ ካርድ ቡድኑን ይጎዳል፤ ቀሪዎቹ 10 ልጆች ግን ገና ሜዳ ላይ ናቸው።

ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ ያመኛል። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ አሸንፈን ነበር። ምንያህል ተሾመ ግን በሁለት ቢጫ ምክንያት በዚያ ጨዋታ መሰለፍ አልነበረበትም። ሦስት ነጥባችን ተቀነሰ። ልጁ የተሰለፈው ተሰለፍ ስለተባለ ነው። ካርድ ቆጥሮ መዝግቦ መያዝ የቢሮ ሥራ ነበር፤ ቢሮው አልሠራውም። ያኔም ቢሆን ምድቡን በአንደኝነት ጨረስን፣ በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ አስቀረችን። ስለ ሥነ ምግባር ስናወራ ታኬታ ያደረገውን ብቻ ባናይ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ካናዳ ኤድመንተን ነው የሚኖረው። እዚያ በበረዶ ላይ ሆኪ ተጫዋች ተደባድቦ እንኳ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ይመለሳል፣ ውሉንም የሚነካበት የለም ይለኛል። እኛ ለምን እንዲህ እናከራለን? (ከለገሃር)

መልስ፦ ወንድምህ ግማሹን ልክ ነው። በሆኪ ቀላል ጥፋት የሠራ ሁለት ደቂቃ፣ የተደባደበ አምስት ደቂቃ ለብቻው በተከለለች ቦታ ይቀመጣል። ለሁለት ደቂቃው ጥፋት ቡድኑ አንድ ሰው ጎድሎት ይጫወታል። ውሉም ጠንካራ ነው። በትልቁ የሰሜን አሜሪካ ሊግ ክለብ ተጫዋቹ ስላልተመቸው ብቻ ውሉን ማቋረጥ ከፈለገ፣ ከቀረው ደመወዝ ሁለት ሦስተኛውን ይከፍለዋል። ተጫዋቹ ከ26 ዓመት በታች ከሆነ አንድ ሦስተኛውን ነው። ክፍያው ከቀረው የውል ዘመን እጥፍ ለሆነ ጊዜ ተከፋፍሎ ይወጣል። ስለዚህ እዚያ ተሸንፈው የወጡ ደጋፊዎች «ይባረር» ሲሉ ወዲያው የሚከተለው ክርክር «ሂሳቡን ማን ይችለዋል?» የሚል ነው።

ግን የሚነካበት የለም የሚለው ልክ አይደለም። የቺካጎ ክለብ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የኮሪ ፔሪን ውል በሥነ ምግባር ጉዳይ አቋርጧል። ያቋረጠውም የውሉንና የክለቡን የውስጥ መመሪያ ጥሷል ብሎ እንጂ በሽንፈት ንዴት አይደለም። በጥር ኤድመንተን፣ የወንድምህ ከተማ ክለብ፣ አስፈረመው፤ በዚያው ዓመት እስከ ዋንጫው ፍጻሜ ሄዱ። ጠይቀው፣ ያስታውሰዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። እሁድ ካፌ ወስጄው ነበር፣ ሰዉ የተጫዋቹን እናት ሲሳደብ ሰማ። «እማዬ፣ እናቱ ምን አደረገች?» አለኝ። ከዚህ በኋላ ልውሰደው? (እናት፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ የጠየቀው ጥያቄ ካፌ ውስጥ ለነበረው ሰው ሁሉ ነው። እናቱ ምንም አላደረገችም። ምናልባት እሷም የሆነ ቦታ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ ነበር። ልጇ ሲሰደብ፣ እሷ ራሷ ስትሰደብ፣ በጆሮዋ ሰምታ ይሆናል።

ይውሰዱት። ልጅ ኳስ የሚወደው ከሰው ጋር ሲያይ ነው። ሊጉ በየከተማው እየዞረ ይካሄድ ከጀመረ ወዲህ ለብዙው የአዲስ አበባ ልጅ ስታዲየሙ ካፌው ነው። ቤተሰብ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አጠገብ ይቀመጡ። ስድብ ሲሰሙም ዝም አይበሉ። «ልጅ አለ» ሲባል አብዛኛው ሰው ያፍራል። የማያፍር ካለ የካፌው ባለቤት ይንገረው፤ ገበያውም ክብሩም የእሱ ነው። ተጫዋቹን «አበላሸህ፣ ቡድናችንን ጎዳህ» ማለት መብታችን ነው። እናቱ ጋ የሚያደርሰን ግን ምንም የለም።

ጥያቄ፦ ውሉ ሳያልቅ ከሌላ ክለብ ጋር እየተነጋገረ ነው ይባላል። ክህደት አይደለም? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አይደለም። ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር መነጋገርና መፈረም የፊፋ ደንብ ይፈቅድለታል። ይህ እንዳይሆን የሚፈልግ ክለብ አስቀድሞ ያናግረዋል። አቡበከር ናስር በ2013 የውድድር ዓመት 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፣ በቀጣዩ ዓመት ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። የቡናን ደጋፊ የሚያኮራ ታሪክ ነው። ወጣቱ እንዲያድግ የምንመኝ ከሆነ በሩን ሲያንኳኳ አንቆጣ።

ጥያቄ፦ የደጋፊ ማኅበራችን ቅዳሜ ተሰብስቦ ለክለቡ ደብዳቤ ሊጽፍ ነው። «ይባረር» የሚለው ወገን በርትቷል። ምን ብለን ብንጽፍ ይሻላል? (ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ «ይባረር» የምትለውን ቃል አውጧት። ክለቡ ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ከጠየቃችሁ ደብዳቤያችሁ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ጥያቄያችሁም አብሮ ይቀበራል። ተጫዋቹ በየትኛው የውስጥ ደንብ አንቀጽ እንደሚቀጣ በጽሑፍ እንዲያሳውቋችሁ ጠይቁ። ይቅርታውን የት፣ መቼ እንደሚጠይቅ ቀን ይቆረጥ። ውሉን ማደስ ይፈልጉ እንደሆነና ድርድሩ የት እንደደረሰ ይንገሯችሁ። ቢታደስ ሁሉም ነገር፣ የፊርማውም ገንዘብ ጭምር፣ ወረቀት ላይ ይስፈር። በቃል የተባለ ገንዘብ ክርክር ሲመጣ ማንንም አያድንም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ፣ የተጫዋቾቹ ደመወዝ እስከ የትኛው ወር እንደተከፈለ ጠይቁ። መልሱን ለአባላት ሁሉ አንብቡላቸው።