ውሃና ስብ ቦታ ሲለዋወጡ

ወንድሜ፣ «በኤምአርአይ፣ ውሃንና ስብን ለይቶ በሚያሳየው የዲክሰን ዘዴ ያነሳሁት የጉበት ምስል ላይ፣ ውሃው ብቻ በሚታይበት፣ የጉበቱ አናት ጠቁሮ ወጣ፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለሃል። መሐንዲስ ከመጥራትህ በፊት የስቡን ምስል ክፈት። የጠፋው ቁራጭ እዚያ ደምቆ ሳይጠብቅህ አይቀርም።

እኔንም ገጥሞኛል። አንድ ሐኪም ከድያፍራም ሥር ያለ ጥቁር ነገር አሳይተው «ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ። ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፤ ዕጢ እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲያልቅ አላየሁም። የስቡን ምስል ስከፍት ያው ቅርጽ ቦግ ብሎ ተቀምጧል። ለካስ ታካሚዋ ከጋውኑ ሥር ሽቦ ያለው የጡት መያዣ አላወለቀችም ነበር። ሳልጠይቃት ያስገባኋት ደግሞ እኔው ነኝ።

ማግኔቱ 1.5 ቴስላ (የጉልበቱ መለኪያ) ሲሆን፣ የስብ ፕሮቶን፣ ማለትም ምልክቱን የሚሰጠን የሃይድሮጅን እምብርት፣ ሲሽከረከር ከውሃው በሰከንድ 220 ዙር ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። በ2.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ፊትና ጀርባ ይሆናሉ፣ በ4.6 መልሰው ይገጥማሉ። ዘዴው በስሙ የተጠራለት ዲክሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳየው በእነዚህ ሁለት ጊዜያት የተነሱትን ምስሎች ሲደምሩ ውሃው፣ ሲቀንሱ ስቡ እንደሚቀር ነው። ችግሩ ፊትና ጀርባ በሆኑበት ምስል ላይ የሚበልጠው ውሃው ይሁን ስቡ፣ ከብሩህነቱ ብቻ አይታወቅም። ኮምፒውተሩ መግነጢሳዊ መስኩ ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀስ እያለ እንደሚለወጥ አምኖ ከጎረቤት ይገምታል። ብረት ወይም የሳንባ አየር መስኩን በድንገት ሲያዛባው ግምቱ ይስታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የመጀመሪያውን ስህተት ይከተላል። በ3 ቴስላ ጊዜዎቹ በግማሽ ስለሚያጥሩ፣ የ1.5ቱን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ ሌላ ወጥመድ ነው።

ብረት ካለ አስወልቅ፤ የሺም ሳጥኑን፣ ማለትም ማሽኑ መስኩን የሚያስተካክልበትን ክልል፣ ሳንባውን ሳይነካ ጉበቱ ላይ አኑር፤ ታካሚውን መሃል አስተኛና ድገመው። አንድ ትንፋሽ መያዝ ነው፣ ከ20 ሰከንድ ብዙም አያልፍም። ማሽንህ ሦስት ኤኮ የሚወስድ፣ ማለትም ምልክቱን በሦስት ጊዜያት የሚቀዳ፣ የዲክሰን ዓይነት ካለው እሱን እመርጣለሁ።

መድገም ካልተቻለ ለሐኪሙ ሳትነግር አትላክ። ሁለቱ መነሻ ምስሎች፣ ማለትም ውሃና ስብ ሲገጥሙ የተነሳው (ኢን ፌዝ) እና ፊትና ጀርባ ሲሆኑ የተነሳው (አውት ፌዝ) የምንላቸው፣ በመለዋወጡ አይነኩምና በእነሱ ይነበብ። ከዚያ ቦታ ግን የስብ መጠን እንዳይለካ፦ 5 በመቶ የነበረው 95 ሆኖ ይወጣል።